በቴምብር ላይ የተሣሉ ቅዱሳን

ከሩቅ አገር የመጣ ደብዳቤ ሲደርሳችሁ በመጀመሪያ የምትፈልጉት የላኪውን ስም ነው። ከዚያ በኋላ ፖስታውን ቀድዳችሁ ደብዳቤውን ታነባላችሁ። በፖስታው ቀኝ ራስጌ ላይ የተለጠፈውን፣ ጠርዙ ጥርስ ጥርስ ያለውን ትንሽ ወረቀት ግን ብዙዎቻችሁ ልብ ሳትሉት ትቀራላችሁ። ይህ ወረቀት ቴምብር ይባላል።

የቴምብር የመጀመሪያ ተግባሩ ደረሰኝነት ነው። ላኪው የመላኪያውን ዋጋ አስቀድሞ መክፈሉን ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ቴምብር እንደ ሱቅ ደረሰኝ ማንም አሳትሞ የሚያወጣው ወረቀት አይደለም፤ የሚወጣው በመንግሥት ሥልጣን ነው። ስለዚህ በቴምብር ላይ የሚታየው ሥዕል አንድ መንግሥት ‹‹እኛ ይህን እናከብራለን፤ እናንተም በዚህ እወቁን›› ብሎ ለዓለም የሚናገርበት ቃል ነው ማለት ይቻላል።

ከብዙ ዓመታት በፊት ስለ ደብዳቤ አጻጻፍ በማስተምርበት ዕለት፣ የቅዱስ ሥዕል ያለበት አንድ የውጭ አገር ቴምብር ለተማሪዎቼ አሳይቼ ነበር። ቴምብሩ የፖስታ ቤት ማኅተም ስለ ተመታበት የቅዱሱ ፊት በከፊል በጥቁር ቀለም ተሸፍኗል። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ ‹‹መምህር፣ በቅዱስ ፊት ላይ ማኅተም መምታት ነውር አይደለም ወይ?›› ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ወዲያውኑ የምመልሰው አልነበረም። ለመመለስ በቅድሚያ ሌላ ጥያቄ መመርመር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ‹‹ቅዱሱን በዚያ ወረቀት ላይ ያወጣው ማን ነው? ለምንስ አወጣው?›› የሚለው ነው። እስቲ ይህን በየተራ እንመልከት። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ሀ. ከነገሥታት መልክ ወደ ቅዱሳን ሥዕል

በዓለም የመጀመሪያው ተለጣፊ ቴምብር የወጣው በ1840 በእንግሊዝ አገር ነው። ሐሳቡን ያቀረበው ሮውላንድ ሂል የተባለ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት የደብዳቤን ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። በዚህ የመጀመሪያ ቴምብር ላይ የታተመው የንግሥት ቪክቶሪያ መልክ ነው። ሌሎች አገሮችም ይህንኑ ምሳሌ በመከተል በቴምብሮቻቸው ላይ የገዢዎቻቸውን መልክ፣ የመንግሥታቸውን ዓርማ ወይም የዋጋውን ቁጥር ብቻ ያትሙ ነበር።

በአገራችን አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት እንዲቋቋም ያዘዙት በ1894 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች በፓሪስ ታትመው በ1895 ሥራ ላይ ዋሉ። በአራቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሦስቱ ላይ ደግሞ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጾባቸዋል። ኢትዮጵያ በ1908 የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ከሆነች በኋላ፣ በ1909 በወጡት አዳዲስ ቴምብሮች መካከል የንጉሥ ሰሎሞንን ዙፋን የሚያሳዩ ይገኙባቸዋል።

አንበሳውም ሆነ ዙፋኑ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተገኙ ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን በቴምብር ላይ የወጡት መጽሐፍ ቅዱስን ለማስተማር አይደለም። በክብረ ነገሥት እንደተተረከው የዘውዱ የዘር ሐረግ ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ የሚወርድ መሆኑን ለውጭው ዓለም ለማስታወቅ ነው። እንግዲህ ሃይማኖታዊ ምልክት በቴምብር ላይ ሲወጣ በሁለት ቋንቋ ይናገራል፤ አንዱ የእምነት፣ ሌላው የመንግሥት ቋንቋ ነው። አንባቢው ሁለቱንም ለይቶ መስማት ይገባዋል።

ለ. ቅዱሱ የአገር ኩራት ሲሆን

አንድ መንግሥት ቅዱስን በቴምብር ላይ የሚያወጣበት የመጀመሪያው ምክንያት ቅዱሱ ከአገሪቱ ምድር ጋር የተያያዘ ታሪክ ስላለው ነው። ፖርቱጋል በ1895 የፓዱዋው ቅዱስ አንቶኒዮ የተወለደበትን 700ኛ ዓመት በማስመልከት ልዩ ልዩ ዋጋ ያላቸውን ቴምብሮች አወጣች። ይህ ቅዱስ በገዳማዊነቱ ከታወቀው ከግብጹ አባ እንጦንስ የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ከቴምብሮቹ አንዳንዶቹ ቅዱሱ ለዓሦች ሲሰብክ ያሳያሉ፤ ሰዎች ትምህርቱን አንሰማም ባሉት ጊዜ ወደ ውኃ ዳር ሄዶ ለዓሦች ሰበከ የሚል ትውፊት አለና። ከዚህም በላይ በቴምብሮቹ ጀርባ፣ ሙጫ በሚቀባበት ገጽ፣ ቅዱሱን የሚያመሰግን የላቲን ጸሎት ታትሞ ነበር።

ቅዱስ አንቶኒዮ የተወለደው በሊዝበን ሲሆን ያረፈው በ1231 በኢጣልያዋ ከተማ በፓዱዋ ነው። ስለዚህ ኢጣልያም በበኩሏ በ1931 ያረፈበትን 700ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ በስሙ ቴምብሮች አወጣች። አንዷ አገር ልደቱን፣ ሌላይቱ ዕረፍቱን ይዛ ሁለቱም ‹‹የእኛ ነው›› አሉት። ቅዱሱ አንድ ነው፤ የተመረጠው ዓመት ግን ስለ መራጩ አገር ይናገራል።

ሁለተኛ ምሳሌ የምትሆነን የማልታ ደሴት ናት። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ መላጥያ ተብላ የምትጠራው ይህች ደሴት በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27 እና 28 እንደተጻፈው ቅዱስ ጳውሎስን የጫነው መርከብ የተሰበረባት ናት። በመርከቡ ውስጥ 276 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም በደኅና ወደ ምድር ወጡ። ማልታ በ1899 ባወጣችው የ10 ሺሊንግ ቴምብር ላይ ይህ ታሪክ ተሥሏል። ያን ጊዜ ደሴቲቱ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ነበረች። በእንዲህ ያለ ዘመን የደሴቲቱን የራሷን ጥንታዊ ታሪክ የሚያሳይ ሥዕል በፖስታ ላይ መለጠፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው ምሳሌ ይህንኑ ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። አየርላንድ በ1922 የራሷን መንግሥት ስትመሠርት የራሷ ቴምብር ገና አልነበራትም። ስለዚህ የእንግሊዝ ንጉሥ መልክ ባለባቸው ቴምብሮች ላይ የአዲሱን መንግሥት ስም በአየርላንድ ቋንቋ አትማ ትጠቀም ነበር። በ1937 ግን ከፍተኛ ዋጋ ባላቸው ሦስት ቴምብሮች ላይ ቅዱስ ፓትሪክን አወጣች። ቅዱስ ፓትሪክ በ5ኛው መቶ ዓመት በአየርላንድ ወንጌልን የሰበከ ሲሆን፣ በወጣትነቱ ከብሪታንያ ተማርኮ በዚያው አገር በባርነት መንጋ ጠባቂ ሆኖ የኖረ ሰው ነበር። እንግዲህ በፊት የንጉሥ ፊት በነበረበት ስፍራ የቀድሞ ባሪያ ፊት ተተካ። ነጻነቱን ያገኘ ሕዝብ ይህን ሥዕል ሲያይ የሚሰማው ነገር ከእምነት ያለፈም እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሐ. ቅዱሱ በዕውቀቱና በጥበቡ ሲታወስ

ሁለተኛው ምክንያት ቅዱሱ ለሥልጣኔ ያበረከተው አስተዋጽኦ ነው። ቄርሎስና መቶድዮስ የተባሉት ወንድማማቾች በ863 ገደማ ወደ ሞራቪያ ተልከው ለስላቭ ሕዝቦች ወንጌልን ሰብከዋል። ቋንቋው የሚጻፍበት ፊደል ስላልነበረው ፊደል አዘጋጅተው መጻሕፍትን ተርጉመውለታል። ቫቲካን በ1963 በስማቸው ቴምብሮች ያወጣችው የዚህን መልእክት 1100ኛ ዓመት በማሰብ ነው። ቫቲካን የራሷን ቴምብር ማውጣት የጀመረችው ራሷን የቻለች መንግሥት በሆነችበት በ1929 መሆኑም መታወስ አለበት።

ሃይማኖትን የሚቃወም መንግሥት እንኳ በዚህ መንገድ የቤተ ክርስቲያንን ሰው ሊያከብር ይችላል። ሶቪየት ኅብረት በ1961 የመነኩሴውን ሠዓሊ የአንድሬይ ሩብልዮቭን መታሰቢያ ቴምብር አውጥታለች። ሩብልዮቭ ታላላቅ ቅዱሳት ሥዕላትን የሣለ ሰው ነው። መንግሥቱ ያከበረው ግን በመነኩሴነቱ ሳይሆን በሠዓሊነቱ ነው። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሩብልዮቭን ከቅዱሳን የቆጠረችው በ1988 ነውና፣ ቴምብሩ የቤተ ክርስቲያንን ውሳኔ በ27 ዓመት ቀደመ ማለት ነው።

በአገራችንም ተመሳሳይ ሁኔታ እናገኛለን። በ1962 የጥንት ነገሥታትን ለማስታወስ በወጡት ቴምብሮች ላይ ዒዛና፣ ካሌብና ላሊበላ ተሥለዋል። ካሌብና ላሊበላ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እንደ ቅዱሳን የሚታሰቡ ናቸው። ቴምብሮቹ የወጡት ግን በነገሥታት ተርታ ነው። ዒዛና ክርስትናን በተቀበለበት ጊዜ ትልቅ ድርሻ የነበረው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ማለትም ፍሬምናጦስ፣ እንደ ቅዱስ ፓትሪክ ሁሉ በወጣትነቱ ተማርኮ ወደ አገራችን የመጣ ሰው ነበር። የነገሥታት መታሰቢያ ሲዘጋጅ መምህሩ ሳይሆን ንጉሡ ይሣላል። ይህ ሁኔታ ቴምብር ምን እንደሚያሳይ ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚተውም እንድንጠይቅ ያስተምረናል።

መ. ቅዱሱ በአገልግሎቱ ሲታወስ

ሦስተኛው ምክንያት ለሰው ልጆች የተሰጠ አገልግሎት ነው። ቤልጅግ በ1946 የአባ ዳሚያንን መታሰቢያ ቴምብሮች አወጣች። አባ ዳሚያን በ1840 በቤልጅግ የተወለደ ካቶሊካዊ ቄስ ነው። በ1873 በሐዋይ ደሴቶች ወደምትገኘው ወደ ሞሎካይ ሄዶ፣ ከሕዝብ ተለይተው በዚያ እንዲኖሩ የተፈረደባቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን አገለገለ። ቁስላቸውን አጠበ፤ ቤት ሠራላቸው፤ ሙታናቸውን ቀበረ። በመጨረሻም እርሱ ራሱ በዚያው በሽታ ተይዞ በ1889 ሞተ። ቅዱስ ተብሎ የታወጀው ግን በ2009 ነው።

ሌላዋ ምሳሌ እናት ቴሬዛ ናት። በ1910 በስኮፕዬ ተወልዳ በካልካታ ድሆችን ያገለገለችው ይህች መነኩሲት በ1979 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጣት። በማግስቱ ዓመት በ1980 ከሕዝቧ የሚበዛው የሂንዱ እምነት ተከታይ የሆነችው ሕንድ፣ ገና በሕይወት ሳለች በስሟ ቴምብር አወጣች። የተወለደችበትን 100ኛ ዓመት በማሰብ የአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት በ2010 ቴምብር ለማውጣት በተነሣ ጊዜ ግን ክርክር ተነሣ። በአገሩ ደንብ መሠረት ዋነኛ ሥራው ሃይማኖታዊ የሆነ ሰው በቴምብር ላይ አይወጣም። በዚህ ምክንያት መንግሥትና ሃይማኖት ሊለያዩ ይገባል የሚሉ ሰዎች ተቃወሙ። የፖስታ አገልግሎቱም ‹‹የምናከብራት ስለ ሰብአዊ አገልግሎቷ ነው›› የሚል መልስ ሰጠ፤ ቴምብሩም ወጣ።

ከሁለቱ ወገኖች ትክክለኛው ማን ነው? ተቃዋሚዎቹ ‹‹መንግሥት የሁሉም ዜጎች ስለሆነ ለአንድ እምነት ሊያደላ አይገባውም›› ይላሉ። ደጋፊዎቹ ደግሞ ‹‹ድሀን ማገልገል የሁሉም ሰው ጉዳይ ነው›› ይላሉ። ይሁን እንጂ እርሷ ራሷ ድሆችን ያገለገለችው ከእምነቷ የተነሣ ነበር። አንድን ሰው ከሥራው ምንጭ ለይቶ ሥራውን ብቻ ማክበር ይቻላልን? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ተወያዩበት።

ሠ. የወንጌል መልእክተኞችና ከሥዕሉ ውጪ የቀሩት

በባዕድ አገር ወንጌልን የሰበኩ ሰዎችን የሚያሳዩ ቴምብሮች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። የሮዴዥያና የኒያሳላንድ ፌዴሬሽን በ1955 የዴቪድ ሊቪንግስተን መልክ ያለበት ቴምብር አውጥቶ ነበር። ሊቪንግስተን የስኮትላንድ ተወላጅ የሆነ ሐኪምና የወንጌል መልእክተኛ ሲሆን፣ በ1855 በዛምቤዚ ወንዝ ላይ የሚገኘውን ታላቅ ፏፏቴ አይቶ በእንግሊዝ ንግሥት ስም ‹‹ቪክቶሪያ›› ብሎ ሰየመው። ቴምብሩ የወጣው የዚህን 100ኛ ዓመት ለማክበር ነው።

ነገር ግን ፏፏቴው ከዚያ በፊትም ስም ነበረው። የአካባቢው ሰዎች ‹‹ሞሲ ኦ ቱኒያ›› ይሉታል፤ ትርጓሜውም ‹‹የሚያጓራ ጢስ›› ማለት ነው። ሊቪንግስተንን ወደ ስፍራው መርተው የወሰዱትም የአገሩ ሰዎች ነበሩ። እኛ የዓባይን ፏፏቴ ‹‹ጢስ እሳት›› ብለን እንደምንጠራ ሁሉ እነርሱም ያዩትንና የሰሙትን በራሳቸው ቋንቋ ሰይመውታል። አንድ እንግዳ መጥቶ ጢስ እሳትን ‹‹አገኘሁት›› ቢል፣ በስሙም ቴምብር ቢታተም፣ ምን ይሰማችሁ ነበር? ሊቪንግስተን የባሪያ ንግድን አጥብቆ የተቃወመ ሰው መሆኑ አይካድም። ቢሆንም የአንዱ ሰው መልክ ጎልቶ ሲወጣ የሌሎቹ ሊሸፈን ይችላል።

በአንጻሩ ቫቲካን በ1965 ያወጣችው የዑጋንዳ ሰማዕታት ቴምብር የአፍሪካውያኑን የራሳቸውን ታሪክ ያስታውሳል። እነዚህ ሰማዕታት ከ1885 እስከ 1887 ባለው ጊዜ በቡጋንዳው ንጉሥ በምዋንጋ ትእዛዝ የተገደሉ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም 22ቱ ካቶሊካውያን በ1964 ቅዱሳን ተብለው ታወጁ። ካቶሊካውያን መልእክተኞች ወደ አገሩ ከገቡ ገና ዐሥር ዓመት አልሞላም ነበር። እዚህ ላይ የሚታሰበው ቃሉን ያመጣው እንግዳ ሳይሆን ቃሉን ተቀብሎ የሞተለት የአገር ልጅ ነው።

ረ. ቴምብርን እንዴት እናንብብ?

እስካሁን ከተመለከትናቸው ምሳሌዎች አራት ጥያቄዎችን ማውጣት እንችላለን። የመጀመሪያው ‹‹ያወጣው ማን ነው?›› የሚል ነው፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ነጻ መንግሥት ወይስ ቅኝ ገዢ? ሁለተኛው ‹‹በየትኛው ዓመት፣ ስለ ምን መታሰቢያ ወጣ?›› የሚል ነው። ሦስተኛው ‹‹ሰውዬው በምን ማዕርግ ተሣለ?›› ይላል፤ በቅዱስነቱ፣ በንጉሥነቱ፣ በሠዓሊነቱ ወይስ በሐኪምነቱ? አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ‹‹ከሥዕሉ ውጪ የቀረው ማን ነው?›› የሚለው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ መልስ ቴምብሩን አተኩሮ ማየት ብዙ ይረዳል። ለአራተኛው ግን ታሪክ ማንበብ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ተማሪዋ ጥያቄ እንመለስ። በቤተ ክርስቲያን ያለ ሥዕል ለጸሎት ተለይቶ የተቀመጠ ነው፤ በፊቱ ይሰገዳል፣ ይጸለያል። የቴምብር ሥዕል ግን መንግሥት ለመታሰቢያ ያወጣው ነው፤ ሥራውም መንገድ መሄድ ነው። ማኅተሙ የሚመታው ቴምብሩ ሁለተኛ እንዳያገለግል፣ ዋጋው መከፈሉና ጉዞው መጀመሩ እንዲታወቅ ነው። ስለዚህ ማኅተሙ ስድብ አይደለም። የተማሪዋ ቅሬታም ግን ከንቱ አልነበረም። ለሥዕሉ ማዘንዋ እርሷ በዚያ ወረቀት ላይ ያየችው መንግሥትን ሳይሆን ቅዱሱን መሆኑን ያመለክታል። ከሁለቱ ቋንቋዎች የእምነቱን ሰምታለች፤ እኔ ደግሞ ሌላውን ላሰማት ይገባኝ ነበር።

በፖርቱጋል ቴምብሮች ጀርባ ስለታተመው ጸሎትም አስቡ። ላኪው ቴምብሩን አርሶ በፖስታው ላይ በለጠፈው ጊዜ ጸሎቱ በሁለት ወረቀት መካከል ይሸፈናል። ማኅተሙ በፊት ለፊቱ ገጽ ላይ ይመታል፤ ጸሎቱን ግን አይነካውም። ተቀባዩ ፖስታውን ቀድዶ ቢጥለው ጸሎቱ እንደ ተሸፈነ ይቀራል። ቴምብሩን በውኃ ነክሮ በጥንቃቄ የሚያነሣው ሰው ብቻ ያገኘዋል።

መልመጃ

1. ‹‹ሃይማኖታዊ ምልክት በቴምብር ላይ ሲወጣ በሁለት ቋንቋ ይናገራል›› የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከምንባቡ ሁለት ማስረጃ ጠቅሳችሁ አብራሩ።
2. ፖርቱጋልና ኢጣልያ ለአንድ ቅዱስ ልዩ ልዩ ዓመት የመረጡት ለምንድን ነው?
3. በቅዱስ ፓትሪክና በአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ታሪክ መካከል ያለውን ተመሳሳይነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
4. ‹‹ይሁን እንጂ››፣ ‹‹ይኸውም››፣ ‹‹ከዚህም በላይ›› እና ‹‹በአንጻሩ›› የሚሉትን አያያዦች ከምንባቡ ፈልጋችሁ አውጡ፤ እያንዳንዱ ምን ዓይነት ሐሳቦችን እንዳያያዘ ካስረዳችሁ በኋላ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙባቸው።
5. የእናት ቴሬዛን ቴምብር በሚመለከት ከተነሡት ሁለት አስተያየቶች አንዱን መርጣችሁ በአንድ አንቀጽ ደግፉ። በሚቀጥለው አንቀጽ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳታጣምሙ አቅርቡ።
6. ድርሰት፦ በቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚገኝ አንድ ቴምብር ፈልጉ። አራቱን ጥያቄዎች በመከተል ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሚታየውን፣ በሁለተኛው የወጣበትን ምክንያት፣ በሦስተኛው ከሥዕሉ ውጪ የቀረውን ግለጹ።